የዳሩ ክፍል ሙቀት

ፈረስ ቤት
በደብረ ዘይት በዓል ማግስት

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህን እንዴት አደረገህ? ቱቦ ተሸክመህ ፎቅ ለፎቅ ስትወጣና ስትወርድ ይታየኛል፤ በዚህ ላይ ጾም ነው፣ ባዶ ሆድህን እንደምትውል አውቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬ ጉልበቷ ነው እንጂ አፏ ደህና ነው፤ ትመርቅሃለች፣ ትቆጣሃለችም። ልጅህ ውዳሴ አንገቷን አጽንታ ሰው እየለየች መሳቅ ጀምራለች። ለኔ ግን አትስቅም፤ ለምን እንደመጣሁ የገባት ይመስለኛል።

በስልክ የሚነገረውን በወረቀት ስጽፍልህ አይግረምህ። በስልክ ቢሆን አንተ ትጮኻለህ፣ እኔም እጮኻለሁ፣ ነገሩ ሳያልቅ ኔትወርኩ ያልቃል። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን እያነበብህ ስትሄድ ትደርስበታለህ። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ ወንዳወቅ ነው፤ የጭነት መኪናውን ይዞ ነገ ይነሣል፣ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። አንብበህ እስክትጨርስ ያን ስልክህን አትንካው። ራቅ አድርገህ አስቀምጠው።

የልብስ ስፌት ቤቴን ዘግቼ ከፍኖተ ሰላም የመጣሁት በአንተ ቃል ነው። ለእማዬ ጉልበትሽን ላስታምም ነው አልኳት፤ አንተና እኔ ግን ለምን እንደመጣሁ እናውቃለን። የዳሩ ክፍል በየምሽቱ ሲሞቅ በስልኬ አያለሁ አልከኝ። ትርፍ ፍራሽና እህል እንጂ ሰው የማይተኛበት ክፍል፣ ሙቀቱን ዘግተህ የተውከው ክፍል፣ ማን ገብቶበት ነው የሚሞቀው አልከኝ። ሚስትህን ትሕትናን ስትጠይቃት የረጠበ ገብስ እያደረቅን ነው አለችህ። በመጋቢት ምን የረጠበ ገብስ አለ? እውነትህን ነበር። እኔም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ሻንጣዬን አነሣሁ። ደግሞ አልደብቅህም፣ ትሕትናን ድሮም አላምናትም ነበር። ዝምታ የምታበዛ ሴት ምን እንደያዘች አይታወቅም እል ነበር።

ቤቱ ውስጥ ሳድር የመጀመሪያዬ ነበር። ጓሮ ካለው የቆርቆሮ ጎጆ ትልቁ ምድጃ ይነዳል፤ ማራገቢያው ሙቁን አየር እየገፋ በጣሪያው ቱቦ ወደየክፍሉ ይሰደዋል፤ በየክፍሉ ቱቦው አፍ ላይ ክዳን አለ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ነጭ ሳጥን ብርድ ሲሰማው ክዳኑ በራሱ ይከፈታል፣ ሲበቃው ይዘጋል። ለማን ነው የማስረዳው፣ አንተው ለሠራኸው! ግን ሠርተኸው ሄድክ እንጂ ከሥሩ አልኖርክም። ክዳኑ ቀጭ ብሎ በተከፈተ ቁጥር እማዬ ቀና ብላ፣ ልጄ ገባ ትላለች። ሲዘጋም፣ ልጄ ወጣ ትላለች። ቀኑን ሙሉ ስትገባና ስትወጣ ትውላለህ።

እኔ ግን ያን ሳጥን ጠላሁት። አረንጓዴ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። አንተ እዚያ ሆነህ የየክፍላችንን ሙቀት የምታይ ከሆነ፣ ልብስ ስናወልቅም ታይ እንደሆነ ማን ያውቃል ብዬ፣ ዝናብ የመታውን ነጠላዬን ከነእርጥቡ ሰቀልኩበት። ሳጥኑ በብርድ የሞተ ሰው ያለ መሰለው መሰለኝ፣ ክፍሉን የአባይ በረሃ አደረገው። ላቤን እየጠረግሁ ስወጣ አንተ ለእማዬ ደውለህ፣ እሳት ተነሣ ወይ እያልክ ትጮህ ነበር። ትሕትና ያን ቀን ሳቀች። እኔ ፊት የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። የዳሩ ክፍል ቁልፍ ከትሕትና መቀነት አይለይም። ውስጡ ምን አለ ብላት፣ አይጥ እህሉን እንዳይጨርሰው ነው አለችኝ። እስቲ ልየው ብላት፣ ቤቱ የእማዬ ነው፣ እሷን ጠይቂያት አለችኝ። እማዬን ብጠይቃት ደግሞ፣ አንቺ ልጅ፣ ልታስታምሚኝ መጣሽ ወይስ ልትበረብሪኝ አለችና ፊቷን አዞረችብኝ። ሚስትህ ብቻ ብትሆን አንድ ነገር ነው፤ እናታችንን በምን ብታታልላት ነው የምትሸፍንላት አልኩ።

ከዚያ ሳሉን ሰማሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሳለ፣ የወንድ ሳል። ትሕትና ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ወዲያው እሷም እህ እህ ብላ ሳለች። የራሷ ሳል መስሎ እንዲታለፍ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ማታለልን ከደንበኞቼ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ያልሰማሁ መሰልኩ።

በማግስቱ ከጓሮ ገመድ ላይ ሱሪ አየሁ። አንሶላ ደርባበታለች፣ እግሩ ግን ከሥር ይታያል። በሥራዬ ታውቀኛለህ፣ ጨርቅ ሳይ ሰውዬው ይታየኛል። እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን። ያንተ አይደለም፣ አንተ ሚስት ካገባህ ወዲህ ሆድ አውጥተሃል። ወገቡ እንዲህ የቀጠነ ወንድ ጎረምሳ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የሁሉ የሁሉ ግን እንቁላሉ ነው። በሁዳዴ! እማዬ ውሃ እንኳ ሳይነካት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይበት ቤት፣ ልጅህ ገና ከጡት በቀር የማታውቅበት ቤት፣ ሚስትህ እንቁላል ቀቅላ፣ ወተት አፍልታ፣ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ዳሩ ክፍል ስትገባ በዓይኔ አየኋት። ባዶ ሳህን ይዛ ስትወጣም አየኋት። ከዚያ በላይ ምን እጠብቃለሁ? ሌላ ወንድ ማስገባቷ ሳያንስ፣ ጾም የሚሽር፣ እግዜርን የማይፈራ ወንድ አመጣች አልኩ። ሰው አለ ብዬ መልእክት የላክሁልህ ያን ዕለት ነው።

አንተም የዳሩን ክፍል ክዳን ከዚያው ሆነህ በስልክህ ዘጋኸው። ለፋሲካ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ እሸኛታለሁ ብለህም ጻፍክልኝ። እኔ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልንገርህ። ወንድሜ ወንድ ነው አልኩ።

የዳሩ ክፍል ክዳን ቀጭ ሲል እማዬ ከጸሎቷ ቀና አለች። ልጄ ወጣ አለች። ቆይታ ቆይታ፣ አልተመለሰምሳ አለች። ትሕትና እየገባች ያን ሳጥን ስትነካካ፣ እንጨት እየጨመረች ምድጃውን ስታነድ ዋለች። የኔ ክፍል ሞቀ፣ የእማዬ ሞቀ፣ የልጅህ ሞቀ። የዳሩ ዝም እንዳለ ቀረ። የፈረስ ቤትን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ፀሐይ ዘወር ካለች አጥንት ይሰብራል። ሚስትህ ዓይኗ ቀልቶ ስትመላለስ አይቼ፣ ወዳጇ በረደው አልኩና በሆዴ ሳቅሁ። አሁን ያን ሳቅ ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ዓርብ ለስግደት ከእማዬ ጋር ወጣሁ። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ራሴን አመመኝ ብዬ ተመለስኩ። ምንም አላመመኝም፤ ልይዛት ነው። በጓሮ በኩል ገባሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ማራገቢያው ብቻ ያጉረመርማል። ደግሞ የሚከብድ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ አለ። የከሰል ሽታ ነው። ጭስ አይገባበትም ብለህ በሠራኸው ቤት ውስጥ ከሰል!

የዳሩ ክፍል በር ብርግድ ብሏል። ያዝኩሽ ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ትሕትና በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው ብብት ይዛ ወደ ደጅ ትጎትታለች። ራሷም ፊቷ አመድ መስሎ ትወላገዳለች። እኔን ስታይ አልደነገጠችም። እትዬ፣ በእመቤታችን እግሩን ያዥልኝ፣ አለችኝ። ከኋላዋ ከሰሉ በሸክላ ማንደጃ ፍም ሆኖ ቀልቷል። በደንብ ከነደደ ጭስ የለውም፣ አይጎዳም ብለው ከእማዬ ጋር መክረው ያስገቡት ነው፤ ሌላ ምን ያድርጉ? ብርዱ እንዳይገባ ደግሞ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ጠቅጥቀውታል።

እግሩን ያዝኩ። እንጨት ነው የያዝኩት የሚመስለው፣ ክብደት የለውም። ነፋስ ወዳለበት አወጣነው፣ ጋቢውን ከፊቱ ገለጥሁት።

ወንድሜ፣ አወቅኋቸው።

ጢማቸው ነጭ ሆኗል፣ ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ያ ከግራ ቅንድባቸው በላይ ያለው ጠባሳ ግን እንዳለ ነው። አንተ በዳዴ በምትሄድበት ጊዜ ወይፈኑ ሊወጋህ ሲል መሃል ገብተው ያገኙት ጠባሳ። እማዬ ሺህ ጊዜ ነግራሃለች፤ ኋላ ላይ ስታወራው ጆሮህን መያዝ ጀመርክ እንጂ።

ውሃ ረጨንባቸው፣ ደረታቸውን አሸን፣ ትሕትና እያለቀሰች ተንፍሱ፣ እባክዎን ተንፍሱ ትላለች። ተነፈሱ። ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። አንቺ ነሽ? አሉኝ። ወገባቸው ላይ ያለውን ሱሪ አየሁት። ጎረምሳ አይደለም ወገቡን ያቀጠነው፣ ሕመም ነው። ይህን ያህል ዘመን ጨርቅ ለክቼ ይህን አልለየሁም።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁላችንንም ደጅ አገኘችን። አልጮኸችም። ነጠላዋን አውልቃ ደረበችላቸውና ወደኔ ዞረች። ይህን ያየሽውን ለወንድምሽ በአፍሽ ብታወጪው የጠባሽው ጡት ይፋረድሽ፣ ብላ ገዘተችኝ። ያልኩህ ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። አፌን ገዝታዋለች፤ እጄን ግን አልገዘተችውም። ስማቸውን በዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም፣ አንተም እንድጽፈው አትፈልግም።

ጠየቅኋት። እንዴት፣ እማዬ? ነዶሽን ሜዳ ላይ ጥለውብሽ ቡሬ ወርደው ሌላ ቤት ያቆሙ ሰው አይደሉም ወይ? ዓይኔ አያየውም ስትይ አልኖርሽም ወይ? አልኳት። እሷም አለች፤ ዓይኔማ አያየውም፣ ሞራ ጋርዶታል፣ በእጄ ነው የምዳስሰው። ደግሞ አብረን ሥጋ ወደሙን የተቀበልነው እኔና እሱ ነን። ቡሬ ላይ የነበረው ጎጆ ነው፣ ሲዘም ፈረሰ። የኛ ቁርባን ነው። የሚለየን ሞት እንጂ ቡሬ አይደለም፣ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረታቸውን ይዟቸዋል። ሐኪሙ ጭስም ብርድም እንዳይነካቸው ብሎ አስጠንቅቆ ነው የሸኛቸው። በደጋ ምድር ጭስም ብርድም የሌለበት ቤት የት አለ? ሰው ወይ ይጨሳል ወይ ይበርደዋል። ሁለቱም የሌሉበት ቤት አንድ ብቻ ነው፣ ያም ያንተ ነው። በጥምቀት ሰሞን መጥተው እደጁ ላይ እንደ እግዜር እንግዳ ተቀመጡ። አልገባም ብለው ነበር፤ ጎትታ ያስገባቻቸው እማዬ ናት። እንቁላሉንም የፈቀዱት የንስሐ አባቷ መምሬ ዘሚካኤል ናቸው፤ የታመመ ሰው ነው፣ ይብላ ብለዋል። ታማሚው ግን የሁዳዴን እንቁላል የሚበሉት እያለቀሱ ነው። እኔ ነኝ እግዜርን የማይፈራ ያልኳቸው።

ሚስትህንም በእመቤታችን ስም የገዘተቻት እማዬ ናት። አንተ በስልክ ምን እንዳልካት ትሕትና ነግራኛለች፤ ያን ቃል እንኳን ለሚስት ለጠላትም አይሉትም። ያን ሁሉ ሰምታ፣ ከዚህም በኩል እኔ እንደ ውሻ እያነፈነፍኩባት፣ አንዲት ቃል ተናግራ ራሷን ማዳን ስትችል ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች። ሽማግሌ እልካለሁ ብለሃል፤ ላክ። ግን የይቅርታ ይሁን። እኔ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ አንስታ ከሳመችኝ በኋላ ሱሪውን እንዳጠብበው ሰጠችኝ።

አሁን ያለው ጣጣ ይኸውልህ። ከተገለጠ ወዲያ ምን መደበቅ አለ፣ ወደኔ ክፍል ይዙሩ፣ ይሞቃል አልናቸው። እምቢ አሉ። ባለቤቱ ያልፈቀደልኝን ሙቀት አልሰርቅም አሉ። ክዳኑ ተበላሽቶ ነው ብለን ዋሸናቸው። ሳቁብን። የሱ እጅ ሥራ አይበላሽም፣ ዘግቶት ነው አሉ። ያን ሲናገሩ ኮርተው ነው፣ እንዲህ ተኝተው እንኳ ኮርተው። ትሕትናን ቱቦው እንዴት እንደሚሠራ፣ ሳጥኑ ብርዱን እንዴት እንደሚያውቅ እያስደገሙ ይጠይቋታል። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ሁለት ጋቢ ደርበው፣ ፍራሹ ላይ ተንጋለው ያን የቱቦ አፍ ያዩታል። እስከ ሆሣዕና እቆያለሁ ብለዋል። ከዚያ ቀዳዳ ሙቀት ከመጣ እቀመጣለሁ፣ ካልመጣ ወደ ቡሬ እወርዳለሁ ብለዋል። ቡሬ ማን አለኝ ብለው ነው? መንገዱን እንደማይጨርሱት እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን።

መሐላህን አልረሳሁትም። መሠረቱ ሲጣል አጠገብህ ቆሜ ነበር። ያ ሰው ይህን ደጅ ከረገጠ እኔ አልረግጠውም አልክ። ከዚያ ወዲያ እኔንም የእናቴ ልጅ እንጂ ሌላ ብለህ አልጠራኸኝም፣ እኔም እንዲሁ። እርሳው አልልህም። እኔም አልረሳሁትም። እማዬ ብቻዋን ስታጭድ ላግዛት ገብቼ እጄ ላይ የቀረው የማጭድ ጠባሳ ዛሬም አለ። ከዚህም በላይ የሚያመኝ አለ። ከሐኪም ቤት ወጥተው በኔው ከተማ፣ በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አልፈው ነው የመጡት፤ ደጄን አላንኳኩም። ፈርተውኝ ይሁን ጠልተውኝ አላውቅም። ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። ይህ ሁሉ እያለ ግን ዓርብ ዕለት እግራቸውን ስይዝ ቅዝቃዜው እጄ ላይ ቀርቷል፤ ባሞቀው ባሞቀው አይለቀኝም።

አንተ የማልከው ደጁን ስለመርገጥ ነው። እሺ፣ አትርገጠው። ማን ርገጥ አለህ? ስለ ክዳን ግን አንዳች አልማልክም።

እማዬ ከዓርብ ጀምሮ ጸሎቷን ከዳሩ ክፍል በራፍ ላይ ሆና ነው የምትጸልየው። ወንበር አምጥቼላት ነበር፣ መሬቱ ይሻለኛል አለችኝ። ጆሮዋን ወደ ጣሪያው አቅንታ ትጠብቃለች። የኔ ክፍል ክዳን ሲከፈት ቀና ትልና፣ አይ፣ ይኼ የዳሩ አይደለም ብላ ትመለሳለች።

በል እንግዲህ። ያን የመሰለ ነገር የሠራ እጅህን እግዚአብሔር ይባርክልህ። ወገብህን ያጽናልህ፣ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ለትንሣኤው በሰላም ያገናኘን። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ቅደደው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጨርሰሃል። አሁን ስልክህን አንሣ።

የአባትህ ልጅ፣
እህትህ